ቫይታሚን ነው

«ልቡን ነው» አሉ እናትየው፣ ከጠዋት ጀምሮ ለሰባተኛ ጊዜ። «ድንገት ነው የሆነው።»

ልጃቸው የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ተነሣች። ገና ማንም አልጠጣባቸውም። ወንድሟ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እሷም ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቦታ አልረጋችም። ወንበር ታዞራለች፣ መጋረጃ ትሰበስባለች፣ መልሳ ትዘረጋለች።

«እግርሽ አይደክመውም? አረፍ በይ እንጂ» አሏት ጎረቤቲቱ። ከዚያ ጎናቸው ወዳለችው ሴት ዘንበል ብለው፣ «ልብ ነው አሉ? እንደዚያ ሲስቅ የነበረ ልጅ?» ሲሉ ሰማቻቸው።

መሳቁስ ይስቅ ነበር። ማተሚያ ቤት አራሚ ነበር፤ ለአንዲት የተዘለለች ምልክት ማሽን ስለሚያስቆም ባልደረቦቹ «ነጠላ ሰረዝ» ይሉታል። ይህ በደጉ ጊዜ ነው። በክፉው ጊዜ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ይከርምና፣ ቀጥሎ ወር ሙሉ ከአልጋ አይነሣም። ሐኪም ቤት ሲተኛ ቤተሰቡ «ለሥራ ራቅ ያለ ከተማ ሄዷል» አለ። መድኃኒት ተገኝቶለት ሰው ሲሆን ደግሞ፣ እንግዳ እንዳያነበው ብላ እህቱ የጠርሙሱን ጽሑፍ ከነስሙ በጥፍሯ ፍቃ አነሣችው።

«የሰው ስህተት ሳርም እውላለሁ፤ አንቺ የራሴን ስም ፋቅሽብኝ» ብሎ ሳቀባት። ጠርሙሱን ግን እንዳለ በኪሱ ይዞ ዞረ።

ከሰዓት በኋላ የማተሚያ ቤቱ መጽሐፍ ጠራዥ መጣ። ጣቶቹ ላይ ሙጫ ደርቋል። ሻይ ስታቀብለው ቀና ሳይል፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» አላት በሹክሹክታ።

በታመመበት ቀን ወንድሟ ሥራ ላይ ሳለ አስታወከ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ክሊኒክ ያደረሰው ይህ ጠራዥ ነው። ሐኪሙ ጠርሙሱን አይቶ ምንድን ነው ሲል፣ ጠራዡ እህቱ ጋ ደወለ። እሷ ቢሮ ነበረች፤ አለቃዋ አጠገቧ ቆሟል። ሆዱን ነው ብላ ቀለል አድርጋ አየችው። «ቫይታሚን ነው» አለች። መድኃኒቱ በደሙ ተጠራቅሞ መርዝ እንደሆነበት የታወቀው በማግሥቱ፣ እሷው ሄዳ እውነቱን ስትናገር ነው፤ ያኔ ግን ረፍዶ ነበር።

«ነግሮኝ ነበር እኮ» አለ ጠራዡ። «የአእምሮ መድኃኒት እንደምወስድ እወቁልኝ፣ ሁኔታዬ ከተለወጠ አትተዉኝ ብሎ ለሁላችንም ነግሮናል። እርስዎ ቫይታሚን ነው ሲሉ ግን፣ እህቱ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለች ብዬ አፌን ያዝኩ። መናገር ነበረብኝ።»

ባልደረቦቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ከማን ስትደብቅ እንደኖረች ጠፋባት።

አንድ አዛውንት ዘመድ ገብተው ተቀመጡና፣ «ለመሆኑ ምን አግኝቶት ነው?» ሲሉ እናትየውን ጠየቁ።

«ልቡን...»

«ልቡን አይደለም፣ እማዬ።»

እናትየው ከተቀመጡበት እጃቸውን ሰደው የቀሚሷን ጫፍ ያዙ፤ ዝም በይ ሊሏት ነው። እሷ ግን ቀጠለች። «የአእምሮ ሕመም ነበረበት። በመድኃኒት ደህና ሆኖ ስድስት ዓመት እንደማንኛችንም ሠርቷል። ሐኪም ሲጠይቀኝ ዋሸሁ፤ ስለ ዋሸሁ ነው ሳይደርሱለት የቀሩት። ይሄ ሰው ምንም ጥፋት የለበትም።»

ጎረቤቲቱ ወለሉን አዩ። ጠራዡ በሙጫማ ጣቶቹ ዓይኑን ሸፈነ።

እናትየው ቀሚሱን አልጎተቱም፤ አልለቀቁትምም። አጣጥፈው ጨብጠው፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ያሻሹት ጀመር።