የፈሪድ ዜሮ

ቲቸር ሰይፈሚካኤል አዳማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ሰሌዳ ላይ ክብ በባዶ እጃቸው ሲያዞሩ ኮምፓስ የሚያሳፍሩ ሰው ነበሩ። በልጃቸው በሊዲ ሰርግ ዋዜማ ግን፣ ላንጋኖ ዳር፣ በአንድ ጣቃ ጨርቅ የተነሳ ላብ አጠመቃቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርጉ የሚደገሰው ሐይቁ ዳር ባለ ክብ የሳር ክዳን አዳራሽ ውስጥ ነው። ከፊቱ አንድ ምሰሶ ቆሟል። ዲኮር ሠሪው ፈሪድ ከምሰሶው ጫፍ ሁለት ነጭ ጨርቅ ሊወጥር አስቧል፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ የክቡን ጣሪያ ክፈፍ ነካ አድርገው እንዲቆሙ። ሙሽሮቹ በመሀል ይገባሉ። ቀኙን ለካ፤ አሥራ ሦስት ሜትር። ግራውን እንዳይለካ፣ በዚያ በኩል ጠዋት የፈሰሰው ሲሚንቶ ስላልደረቀ መሰላል አይቆምበትም። ጨርቁ ደግሞ ሃያ ስድስት ሜትር ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ በትእዛዝ የመጣ፣ አዳማም ሻሸመኔም ቢዞሩ መሳዩ የማይገኝ።

«ሁለቱ እኩል ናቸው፣ ቲቸር። መሀሉን ልቁረጠው» አለ ፈሪድ፣ መቀሱን ይዞ። ሚስቱ ኑሰይባ ጠርዙን ልትዘመዝም የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«ቆይ እስቲ፤ ግራው አይረዝምም?» አሉ ቲቸር።

ጉድ እኮ ነው። ከውጭ ካለ አንድ ነጥብ ተነስተው ክብን የሚነኩ ሁለት ታንጀንቶች እኩል መሆናቸውን ስንቱን ትውልድ ያስተማሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሰሌዳ ላይ ግን የሚቆረጥ ጨርቅ የለም፤ የምትዳር ልጅም የለች። አንድ ክንድ ቢያጥር ሊዲያቸው እንግዳው ሁሉ እያየ በጎደሎ በር ልትገባ ነው። ፈሩ፤ መፍራታቸውም አሳፈራቸው።

ፈሪድ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ክቡን፣ ምሰሶውንና ሁለቱን መስመሮች ሳለ። ከምሰሶው ጀምሮ በክቡ እምብርት በኩል ወረቀቱን እጥፍ አደረገና ወደ ፀሐይ አንስቶ አሳያቸው። ግራው መስመር ቀኙ ላይ ልክክ ብሏል።

«ያስታውሱታል? ዘጠነኛ ክፍል ፈተና ላይ ‹አረጋግጡ› ሲሉን ወረቀቱን አጥፌ ሰጠሁዎት። ‹ማጠፍ መልስ አይሆንም› ብለው ከአምስት ዜሮ ሰጡኝ።»

ቲቸር አስታወሱ። እሳቸው ሦስት ማዕዘን እየደረደሩ በስምንት መስመር የሚያረጋግጡትን ይሄ ልጅ በአንድ እጥፋት ጨርሶት ነበር። ያኔ የታያቸው ስንፍናው ብቻ ነው።

«ቁረጠው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በማግስቱ ማለዳ ሲሚንቶው ደርቆ መሰላሉ ቆመ። ጨርቁ የግራውን ክፈፍ ልክ እንደ ቀኙ ነካ። ቲቸር ደስታቸው ወሰን አጣ። ያቺን ወረቀት ከፈሪድ ተቀብለው፣ ቀይ እስክሪብቶ ቢያጡ በሰማያዊ፣ «5/5» ብለው ጻፉባትና ፈረሙ።

«ለመሆኑ ያን ዓመት በሒሳብ በድምሩ ስንት አመጣህ?»

«አርባ ሰባት።»

ማለፊያው ሃምሳ ነበር፤ ሒሳብ የወደቀ ደግሞ ክፍል ይደግማል። ቲቸር ደመሩት፤ ለመደመር ጊዜ አልፈጀባቸውም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እንግዲያ ክፍል ያስደገምኩህ እኔ ነኛ» አሉ። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ፈሪድ ሳቀባቸው። «ባልደግም ኖሮ ከዚህችኛዋ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ማን ያስቀምጠኝ ነበር?» አለ፣ ወደ ኑሰይባ በአገጩ እየጠቆመ።

ኑሰይባ ክሯን በጥርሷ በጥሳ ተነሳች። ወረቀቷን ከቲቸር እጅ ቀስ ብላ ወስዳ አየቻትና መልሳ ዘረጋችላቸው።

«ይሰርዙልኝ፣ ቲቸር» አለች። «እኔ ዜሮዋ ትሻለኛለች።»