የሳሌም እኩሌታ

ሳሌም የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ጋሽ ወዳጆ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በየገበያው ቀን አንዲት ብር ያስጨብጧት ጀመር። ጋሽ ወዳጆ መሐል ሜዳ ከተማ ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠሩ ሸማኔ ነበሩ፤ የሠሩትንም ደብረ ብርሃን ወስደው ይሸጣሉ። የሳሌም ብር ግን ቤት ደርሳ አታውቅም። ከረሜላና ማስቲካ ሆና መንገድ ላይ ታልቃለች።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አባቷ አንድ ነገር ቆረጡ። ለፋሲካ ከተሰጣት ብር የሚበልጥ ነገር ካሳየቻቸው በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ይዘዋት ይሄዳሉ፤ ካላሳየቻቸው ብሩም ይቀራል። ሳሌም አውቶቡስ የምታውቀው አቧራውን አስነስቶ ሲያልፍ ብቻ ነው። መሳፈሩን ስታስበው እግሯ መሬት አልረግጥ አላት።

ገበያ ወጥታ አንዲት ሴት እንቁላል ዘርግታ፣ በጾም ማን ይገዛኛል፣ ለፋሲካ ቢሆን ይሻሙብኝ ነበር እያለች ስታማርር ሰማች። ልቧ ዘለለ። ዛሬ በርካሽ ገዝቶ ለፋሲካ መሸጥ ነው እንጂ! ከእሷ በፊት ይህን ያሰበ ሰው ያለም አልመሰላት። በብሯ የገዛችውን እንቁላል በነጠላዋ አቅፋ፣ በእግሯ ጣት እየተራመደች ቤት ገባችና ጓዳ ካለው የገብስ እንቅብ ውስጥ ቀበረችው። በሚቀጥለው ገበያም፣ ከዚያ ወዲያም ጨመረችበት። እናቷ አየለች፣ እንቁላሉ ለፋሲካ ሳይደርስ እንደሚበላሽ ልትነግራት ስትል ጋሽ ወዳጆ ጠቀሷት። ራሷ ትድረስበት ማለታቸው ነው።

የደብረ ዘይት በዓል እንዳለፈ አንድ ጠዋት ሳሌም ሀብቷን ልታይ ጓዳ ብትገባ፣ የእናቷ ቀይ ዶሮ እንቅቡ ላይ ተንሰራፍታ ተቀምጣለች። እጇን ብትሰድ ነቆረቻት። እሪ አለች። አባቷ መወርወሪያቸውን ጥለው መጡና ነገሩን ያን ጊዜ ገለጡላት። መጀመሪያ የቀበረችው እንቁላል ለፋሲካ አይደርስም። ዶሮዋ የተቀመጠችው ገና ትናንት ማታ ስለሆነ፣ ደህና ደህናውን መርጣ ዛሬውኑ በጾም ዋጋ ብትሸጥ ብሯ በከፊል ይመለሳል። ብትተወው ግን የሚሆነው አይታወቅም። ምረጪ አሏት።

ሳሌም እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ዶሮዋን አየቻት።

"ትታቀፈው።"

እናቷ በሩን ተደግፋ ስትሰማ ነበር። "ይሁን፤ ዶሮዋ ግን የኔ ናት። ሰው በጉን ሰጥቶ ሲያስረባ ግልገሉን እንዴት ነው የሚካፈለው?"

"እኩል" አለች ሳሌም፣ ቅር እያላት። "ጥሬውን ማን ይሰፍርላታል ታዲያ?"

"እሱንም እኩል" አለች እናቷ።

ከዚያ ወዲያ የሳሌም ብር ከረሜላ ቤት አልደረሰችም፤ ጥሬ ሆና ዶሮዋ ፊት ትበተናለች።

በሰሙነ ሕማማት ከጓዳ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ሳሌም ጮክ ብላ እንዳትስቅ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ዘለለች። የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ገምተው ቀሩ፤ ከኋለኞቹ ግን ጫጩቶች ወጡ። እናትና ልጅ ቁጭ ብለው እየተጨቃጨቁ ተካፈሉ። ጋሽ ወዳጆ ከባናው የተረፈ ቀይ ፈትል ሰጥተዋት የራሷን ጫጩቶች እግር አሰረችበት። አሸንፈሽኛል አሏት።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ሲነፋ ጋሽ ወዳጆ ባናቸውን ተሸክመው በር ላይ ቆሙ። ሳሌም ፊቷን ታጥባ፣ ጫማዋን አድርጋ ነበር፤ ግን ከግቢው አልነቃነቅ አለች።

"አባባ፣ ዛሬ ጭልፊት እያንዣበበ ነው።"

"እናትሽ ትጠብቅልሻለች።"

"እሷ የራሷን ነው የምትጠብቅ።"

አየለች ከውስጥ ሆና በሳቅ ፈረሰች። ጋሽ ወዳጆም እየሳቁ የመሳፈሪያዋን ገንዘብ በእጇ አኖሩላትና ወጡ፤ ወሬውን ደብረ ብርሃን እስኪደርሱ ለተሳፋሪው ሁሉ ሲያወሩ ሄዱ። ሳሌም ብሩን ሳታየው በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ዐይኗ ሰማይ ላይ ነበር፤ በእጇም ዱላ ይዛለች።