ገድሉ ከወርቅ ቁፋሮ ሲመለስ

ባሌ ገድሉ ከወርቅ ቁፋሮ ሲመለስ የመጀመሪያ ልጃችንን እርጉዝ ነበርሁ። ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት ጣና ላይ የሞተር ጀልባ ነጂ ነበር፤ ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው ያመላልሳል። የተመለሰው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ሻይ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ድዱ ይደማል፣ በሆነ ባልሆነው ይቆጣል። ጎረቤቶቻችን "አረቄ ለምዶ መጣ" አሉ። አረቄ እንኳ በአፉ አልዞረም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ከሰል አቀጣጥሎ፣ መጥበሻ ጥዶ ደረስሁበት። መዳፉ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ድቡልቡል ነገር ይዟል።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ወርቅ ነው እሌኒዬ። ሜርኩሪ ይዞታል። ሲቃጠል ሜርኩሪው ተኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። እዚያ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው።"

በዚያ ሰሞን የሽንኩርት ሽታ እንኳ ያስመልሰኝ ነበር። "ቤቴ ውስጥ ምንም አይጨስም!" ብዬ ከሰሉ ላይ ውሃ ቸለስሁበት። ተቆጣ፤ ጮኸ። ከዚያ ተቀምጦ የሚንቀጠቀጡ እጆቹን ሲያይ እንባው መጣ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድሁት።

ዶክተር ሔራን ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር እንዲያሰምር አዘዘችው። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነ። ስለ ወርቁና ስለ ሜርኩሪው ነገርኋት።

"ስታቃጥሉ አፍንጫችሁን በምን ትሸፍናላችሁ?"

"በፎጣ።"

"ፎጣ አያግደውም። ሜርኩሪ ሲተን በትንፋሽ ይገባል፤ ነርቭም ኩላሊትም ይጎዳል። ያንቀጠቀጠህ እሱ ነው።" ወደ እኔ ዞረች። "ቤት ውስጥ አቃጥሏል?"

"ሊያቃጥል ሲል ውሃ ደፋሁበት። ሽታ ፈርቼ ነው።"

ዶክተሯ ሳቋ አመለጣት። "ሽታ ፈርተሽ ልጅሽን ከትልቅ አደጋ አዳንሽ!" አለች። ከሜርኩሪ ከራቀ መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ እንደሚቀንስ፣ ጨርሶ ይጠፋል ብላ ግን ቃል እንደማትገባ ነገረችን።

አማቴ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ይህን ሰምተው ከዘጌ መጡ። ሜርኩሪን ባዜቃ ነው የሚሉት። "ለካ ባዜቃ ነው ልጄን እንዲህ ያደረገው! አምጡት፣ ሐይቅ ልወርውረው!"

"አይሆንም አባባ፣ ዓሣው ውስጥ ይገባል" አልኋቸው።

"ዓሣ ወዳዱ ደግሞ እኔ ነኝ! በሉ ተዉት" ብለው ሳቁ። ገድሉም ሳቀ፤ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ድቡልቡሉን በጠርሙስ አሽገን ዶክተሯ ለነገረችን ባለሙያዎች አስረከብን።

ወራት አለፉ። ድዱ ዳነ፣ እንቅልፉ ተመለሰ፣ እጁ ረጋ እያለ ሄደ። ልጃችንም ደህና ሆና ተወለደች።

የክርስትናዋ ዕለት ወደ ዘጌ ስንሻገር የጀልባው ባለቤት መሪውን ለገድሉ ለቀቀለት። ማዕበሉ ጀልባዋን ያነሳል፣ ይጥላል፤ መሪጌታ ነጠላቸው ረጥቦ "ቀስ በል አንተ ልጅ! ሳትጠመቅ ልታጠምቃት ነው?" ይላሉ፣ እኛ በሳቅ እንሞታለን። ልጃችን ክርስትና ተነሥታ ፅጌ ማርያም ተባለች።

ከቁፋሮው ጓደኛው አበራ በስልክ ተጠርቶ ከቆላ መጥቷል። ጠላ ሲቀበል ዋንጫው እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ። ገድሉ አየው፤ ዋንጫውን ከሥር ደግፎ ያዘለት።

"ነገ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አለው። "ዛሬ ግን ተነሥ፣ እንጨፍር!"