አምባሰል ለወንዴ አርባ

ረቡዕ ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ሰዓቱን የማውቀው የሹፌሩ የሰይድ መኪና ሰዓት ስለሚሠራ ነው። ወንድሜ ይነዳው የነበረው መኪና ሰዓት ግን ከተበላሸ ዓመታት አልፎታል፤ ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ይል ነበር።

ወንድሜ ወንድምአገኘሁ ከሞተ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ወንዴ ነበር የምንለው። እሱም እንደ ሰይድ የዚሁ መስመር ሹፌር ነበር። የገደለው መንገዱ አይደለም፤ ኩላሊቱ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሹፌር ሞተ ሲባል ሰው ሁሉ "ጠጥቶ ነበር?" ስለሚል ነው።

ጥቁር ለብሻለሁ፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄያለሁ። የወንዴ መኪና ባለቤት ኮምቦልቻ ስለሚኖር ጃኬቱንና መንጃ ፈቃዱን ላመጣ መውረዴ ነው። ሐረጎ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሰይድ እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ። ከዚያ ጥቁሬን አየና መለሰው። የእኛ መስመር ሹፌሮች ሐዘንተኛ ከጫኑ ዘፈን አይከፍቱም።

"ወንዴ እዚህ ሲደርስ ይከፍት ነበር?" አልኩት።

"ያለ ዘፈን ሐረጎን ወርዶ አያውቅም። ከፍሬኑ ይልቅ ቴፑ እንዳይበላሽበት ነበር የሚፈራው።"

"ማንን ነበር የሚሰማው?"

"አንዲት የኮምቦልቻ ክራር መቺ አለች፤ ዘይቱና ትባላለች። እዚህም አለችኝ፣ እሱ ነው የጫነልኝ።"

"ክፈተው።"

"ሰርኬ፣ ሰው ምን ይለኛል? አርባው እንኳ አልወጣም።"

"ክፈተው አልኩህ። የሞተው የእኔ ወንድም ነው፤ የሰው አይደለም።"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ኧረ ተይ ልጄ፣ ነውር ነው" አሉ። ዞር አላልኩም። ሰይድ ከፈተው።

አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ በቤታችን ዘፈን ተከፍቶ አያውቅም። አድጌ ደሴ ሆጤ ሰፈር የራሴን ቤት ከያዝኩም በኋላ ዘፈን ለእኔ ከሰው ሰርግ ድንኳን የሚመጣ፣ እንቅልፍ የሚከለክል ጩኸት ነበር። ይሄኛው ጩኸት አልነበረም። መጀመሪያ ክራሩ ብቻውን መጣ። ቀጥሎ ሻካራ የሴት ድምፅ፣ ጉንፋን የያዛት የምትመስል፣ እንዲህ አለች፦

ዝም በይ አትበሉኝ ዝም አልልም እኔ፣
ተከድኖ ሲውል ይሸታል ሐዘኔ።

አለችና ዝም አለች። ክራሩ ብቻውን ጥቂት ሄደ። እኔን እየጠበቀችኝ መሰለኝ። በቀብሩ ቀን ያልወጣው እንባ እዚያ ጋቢና ውስጥ ወጣ። ሰይድ ሊዘጋው ሲል እጁን ያዝኩት።

በቀብሩ ቀን ለምን እንዳላለቀስኩ ልንገራችሁ። የቀበርነው በአገራችን በኩታበር፣ አባታችን አጠገብ ነው። የቤተሰቡ ትልቅ የአባታችን ወንድም ጋሼ ሞላልኝ ናቸው፤ አልቃሿን የጠሩት እሳቸው ናቸው። አትጠገብ ትባላለች፤ በአካባቢው ለሞተ ሁሉ ሙሾ የምታወጣ እሷ ነች። ወንዴ በአርባ ዓመቱ ሳያገባ፣ ሳይወልድ ነው የሞተው። አትጠገብ ስለ እሱ ይህን ብቻ ጠይቃ፣ ይህን ብቻ አለች፦

ስሙን የሚያስጠራ ልጅ እንኳ ሳይተካ፣
ደጃፉ ጭር ብሎ ይቀራል ወይ ለካ።

ሕዝቡ ተቀብሎ አለቀሰ። እኔ ደረቅሁ። ወንዴን ለሚያውቀው ሁሉ፣ ስለዚያ ሰው የሚባለው ይህ ብቻ ነው?

ኮምቦልቻ ደርሼ ጃኬቱን ከተቀበልኩ በኋላ ሰይድን "ቤቷን አሳየኝ" አልኩት። ዘይቱና የፋብሪካ ጡረተኛ ናት፤ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ትኖራለች። ስንገባ በረንዳ ላይ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ጥቁሬን አየች።

"አብሽሪ የኔ ልጅ። ማን ሞተብሽ?"

"ወንድሜ። ወንዴ ሹፌሩ።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ያ ቀጫጫው? ሰርግ ቤት ከሙሽሮቹ ጀርባ ቆሞ በስልኩ የሚቀዳኝ?"

"አዎ እትዬ።"

"ያ ረቢ! እኔ እኮ ካሴት አውጥቼ አላውቅም። ወላሂ፣ የእኔ ካሴት እሱ ነበር።"

ከዚያ "ያንን በመኪና የሰማሁትን ይጫወቱልኝ" አልኳት።

"ለሐዘንተኛ?"

"ለሐዘንተኛ።"

"እርስዎ የምትዪኝ ከሆነ አልመታልሽም። አሮጊት አደረግሽኝ እኮ።"

"ተጫወቺልኝ" አልኳት። እጇን ታጥባ ክራሩን ከግድግዳ አወረደች። ሽንኩርቱ ይሁን ወንዴ እንጃ፣ እሷም ዓይኗን እየጠረገች ተጫወተች።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ መውረድ ጀመርኩ። ደሴ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ክርና የልብስ ቁልፍ የምሸጥበትን ሱቅ በስምንት ሰዓት እዘጋለሁ፣ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። በመኪና ዘይቱናን እሰማለሁ፤ ቤቷ ገብቼ ዘይቱናን እሰማለሁ። ማታ ስተኛ ጣቶቼ ብርድ ልብሱን ሲመቱ አገኛቸዋለሁ። መጀመሪያ የትዝታን ዜማ ከአምባሰል መለየት አቃተኝ። "ትዝታ ወደኋላ እያየ ነው የሚሄድ፤ አምባሰል ግን አንገቱን አያዞርም" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ተምታቶብኝ አያውቅም። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ በጥቁር ልብስ፣ ዘፈን ወደድኩ። ይህን ስጽፍ አላፍርም።

አንድ ሐሙስ ስለ አልቃሿ ነገርኳት። "በአርባው ያንኑ ትደግመዋለች። ወንዴ ልጅ ያልተካ ተብሎ ይቀራል" አልኩ።

"አንቺ አፍ የለሽም?"

"ድምፅ የለኝም።"

"ድምፅ ማን ጠየቀሽ? የእኔን ሰምተሽዋል፣ የበር ማጠፊያ ነው። ወንድምሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ ወይስ እሷ?"

በእኛ አገር በአርባው ጠዋት ከተዝካሩ በፊት እንደገና ሙሾ ይወጣል። አልቃሿ ትንፋሽ ስትወስድ ከዘመድ የፈለገ መግባት ይችላል። ግን ሕዝቡ ካልተቀበለው ግጥሙ ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ ያወጣውም ሰው ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ ማንም አይደፍርም። ዘይቱና ግጥሙን ከእኔ አወጣችው እንጂ አልሰጠችኝም። "እሺ፣ ሌላስ ምን ያደርግ ነበር?" እያለች ስትጠይቀኝ፣ እኔ ስመልስ፣ በአምባሰል ዜማ እየገባ መጣ።

ወሬው ጋሼ ሞላልኝ ጆሮ ደረሰ። ከአርባው በፊት በነበረው ረቡዕ ሆጤ ቤቴ መጡ። አልተቀመጡም።

"ጥቁር ለብሰሽ አዝማሪ ቤት ትመላለሻለሽ አሉኝ።"

"የእትዬ ዘይቱና ቤት ነው። ነገም ሐሙስ ነው፤ እሄዳለሁ።"

"የመሪጌታ ልጅ ሆነሽ!"

"አባቴም የኖሩት በዜማ ነው ጋሼ።"

"ያንን ከዚህ ታወዳድሪያለሽ? ስሚኝ፣ አልቃሽ ጠርቻለሁ። አርባው ላይ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ዘፈን ይዘሽብኝ ብትመጪ የወንድሜ ልጅ አይደለሽም።"

"አልቃሿ ያለችውን ትበል። ስትጨርስ እኔ እላለሁ።"

በሩን ሳይዘጉ ሄዱ።

አርባው እሑድ ነበር። ጾም ስለሆነ ምስርና ሽሮ ሲሠራ አድሯል። ሕዝቡ ኩታበር ከአባታችን ቤት በታች ባለው ሜዳ ላይ ክብ ሠርቶ ቆመ። አክስቴ የወንዴን ጃኬት ይዛለች። የመስመሩ ሹፌሮች ሥራ ትተው መጥተዋል። ዘይቱናም መጥታለች፤ ክራሯን ቤቷ ትታ፣ ጥቁር ሻርፕ አስራ ከሴቶቹ መሀል ቆማለች። አትጠገብ ገባችና ጀመረች። እንዳልኩት ያንኑ ደገመችው። "ደጃፉ ጭር ብሎ" ብላ ትንፋሽ ስትወስድ መሀል ገባሁ። ጋሼ ሞላልኝ "ሰርካዲስ!" ሲሉ ሰምቻለሁ። በአምባሰል ጀመርኩ፦

ልጅ አልተካም አሉኝ፣ ማን ቆጥሮ ጨረሰው፣
በሐረጎ ቁልቁል ያሳፈረውን ሰው።

ማንም አልተቀበለም። አትጠገብ እጇን አጣምራ አየችኝ። "ይሄ እኮ ዘፈን ነው!" አለ አንድ ሰው፤ ሳቅም ሰማሁ። በዚያች ቅጽበት ብመለስ ወንዴን ለሁለተኛ ጊዜ እቀብረዋለሁ ብዬ አሰብኩ። አንገቴን አላዞርኩም። ያንኑ ግጥም ከመጀመሪያው ደገምኩት። ያኔ ያ የበር ማጠፊያ ድምፅ ከሴቶቹ መሀል ተነሣ፤ ዘይቱና ብቻዋን ተቀበለችኝ። ቀጥሎ ሰይድ፣ ዜማውን ከመኪናው የሚያውቀው፣ ተቀበለ። ከዚያ ሹፌሮቹ ሁሉ፣ በወፍራም ድምፃቸው፣ ግማሾቹ ከዜማ ውጭ።

አምባሰል ከፍቶልን በገደል ሲነዳን፣
ጠመዝማዛው መንገድ አንድ ቀን መች ጎዳን።

አሁን ሴቶቹም ገቡ። የመጨረሻውን ያልኩት ጋሼ ሞላልኝን ፊት ለፊት እያየሁ ነው፦

ምጥ የጠናባትን እየጫነ ሮጦ፣
እንዴት መካን ይባል ለሰው ልጅ አምጦ።

ከኋላ አንዲት የኩታበር ሴት "እኔን ነው! እኔን ነው የጫነኝ!" ብላ ጮኸች። እዚያ ላይ ሜዳው በለቅሶ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚቀበል አይለይም ነበር። አክስቴ ጃኬቱን ከፍ አድርጋ ይዛ ትዞራለች። አንድ ሹፌር በአምባሰሉ ትከሻው ሲንቀሳቀስ አይቼ አልተቆጣሁትም። ወንዴ ቢያየው ደስ ይለው ነበር።

ጋሼ ሞላልኝ ከተዝካሩ ሳይቀምሱ ወጡ። ልመልሳቸው ብዬ ከኋላቸው አልሮጥኩም፤ ይቅርታም አልላክሁም። እስካሁን አያናግሩኝም።

በዓመቱ፣ በኅዳር፣ ሙት ዓመቱን ሲያወጡ አትጠገብን የጠሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። አትጠገብ "ልጅ እንኳ ሳይተካ" የሚለውን አላለችም። "ምጥ የጠናባትን" የሚለውን አለች፣ በአምባሰል።