ፓንቴሊሞን ሊሞት የተኛበት ፋሲካ

ሽማግሌው ፓንቴሊሞን በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሊሞት ወሰነ። አልታመመም። ከግራ ጉልበቱ በቀር የሚያመው ነገር አልነበረም፤ ጉልበት ደግሞ ሰው ገድሎ አያውቅም። ጢሙን ተላጨ፤ የሠርጉን ጥቁር ሙሉ ልብስ አውጥቶ ለበሰ፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልገጥም ቢለው በሲባጎ አሰረው። ከዚያ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ሞትን ይጠብቅ ጀመር።

ሞት ግን አልመጣም። የመጣችው ጎረቤቱ ዛምፊራ ናት።

"ክርስቶስ ተነሥቷል!" አለች ገና ከደጅ። በኑኩሸል መንደር ከፋሲካ እስከ ዕርገት "እንደምን አደርክ" የሚል ሰው የለም። ሰላምታው ይኸው ነው፤ መልሱም የታወቀ ነው።

"በእውነት ተነሥቷል" አለ ፓንቴሊሞን ዓይኑን ሳይገልጥ።

"አንተስ መቼ ነው የምትነሣው? ረፍዷል እኮ!"

"እኔ እየሞትኩ ነው።"

"ውይ በሞትኩት! ምን ሆነህ?"

"ምንም።"

ዛምፊራ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። "በምንም የሞተ ሰው አይቼ አላውቅም" አለች። "እስቲ ትንሽ እንኳ ሳል፤ ለወጉ።"

ፓንቴሊሞን ለወጉም አልሳለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኑኩሸል ቤተ ክርስቲያን የመቅደሱ በር በፋሲካ ይከፈትና ሳምንቱን ሙሉ ሳይዘጋ ይሰነብታል፤ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ይዘጉታል። የመንደሩ ሰው ታዲያ የመንግሥተ ሰማይም በር አብሮ ተከፍቶ ይሰነብታል ብሎ ያምናል። በዚያ ሳምንት የሞተ ሰው ማን ነህ፣ ከየት መጣህ የሚለው የለም፤ ቆቡን አውልቆ ዘው ማለት ነው። በሌላው ጊዜ ግን ጥያቄ አለ። ፓንቴሊሞን ጥያቄውን ፈራ።

ሌባ አይደለም፣ ሰካራም አይደለም፣ ጾም ሽሮ አያውቅም። ያለበት ችግር አንድ ነው፤ ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ስቆ አያውቅም። ፊቱ ዘወትር ኮሶ እንደጠጣ ሰው ነው። "ጌታ እንዳለቀሰ ተጽፏል፤ እንደሳቀ የተጻፈበት ካለ አምጡና አሳዩኝ" ይል ነበር፤ የሚያመጣም አልነበረም።

እግዜር ደግሞ ሲያጣምር ያውቅበታል፤ ሳፍታን ሰጠው። ሳፍታ ሳቂታ ነበረች። እንዲያው ፈገግ የምትል እንዳይመስላችሁ፤ ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ነው የምትስቀው። ዲያቆኑ ዜማ ሲስት ትስቃለች። ዳቦው ሲያርርባት ትስቃለች። የገዛ አክስቷ ቀብር ላይ የመቃብር ቆፋሪው ሱሪ ወለቀና ሳፍታን ደግፈው አወጧት። "አንቺ ሴትዮ፣ ክርስቲያን አይደለሽም ወይ?" ሲላት ባሏ፣ "ክርስቲያን ስለሆንኩ ነዋ!" ትልና ይብስባታል።

ባለፈው መከር ሞተች። ቤቱ ጸጥ አለ። ፓንቴሊሞን ዕድሜውን ሙሉ "እስቲ ጸጥ በይ" ሲል የኖረ ሰው፣ ጸጥታው ሲመጣለት መቀመጫ አጣ። ናፈቀችው።

ለማንም ያልነገረው ሌላም ጉድ ነበረበት። በዚያ አገር ሰዎች በፋሲካ ቀይ እንቁላል ያጋጫሉ፤ አንዱ "ክርስቶስ ተነሥቷል" ብሎ ይመታል፣ ሌላው "በእውነት ተነሥቷል" ብሎ ይቀበላል። እንቁላል ያጋጩ ሁለት ሰዎች በወዲያኛው ዓለም ይገናኛሉ ይባላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከሚወደው ጋር ያጋጫል፤ ከአማቱ ጋር ሲሆን እንዳይሰበር ቀስ አድርጎ የሚያስነካም አለ። ሳፍታ በየዓመቱ ቀይ እንቁላሏን ይዛ ትመጣለች፤ "ና እስቲ፣ አንዴ ብቻ!" ትለዋለች። እሱም "እንቁላል የተፈጠረው ሊበላ ነው፤ የልጅ ጨዋታ አልጫወትም" ይላታል። አንድም ቀን፣ አንድም ፋሲካ አላጋጨም። እንግዲህ በወዲያኛው ዓለም አያገኛትም ማለት ነው።

"እሺ ገባህ እንበል" አለች ዛምፊራ፣ ስለ በሩ ሲነግራት። "ገብተህስ ምን ልትሆን ነው? እዚያ ዝማሬ ነው፣ ደስታ ነው፤ አንተ ደግሞ ደስታ ያሳክክሃል።"

"ሳፍታን እፈልጋታለሁ።"

"ሰማይ ያክል አገር! በየት አድርገህ ታገኛታለህ?"

ፓንቴሊሞን ወደ ግድግዳው ዞረ። "በሳቋ" አለ። "ድምጿን እየተከተልኩ።"

ዛምፊራ ምላሷ የሚያርፍ ሴት አይደለችም፤ ያን ጊዜ ግን ወጥታ ሄደች።

መሞት እንደሚያወሩት ቀላል አይደለም። በፋሲካ ሳምንት የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የፈለገ ሰው ሁሉ ይደውላል፤ ሥራ ፈቱ ደግሞ ብዙ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ድንግ! ድንግ! ሞት ጸጥታ ይፈልጋል፤ ፓንቴሊሞን ገና ሸለብ ሲያደርገው ደወሉ ይመልሰዋል። በዚያ ላይ ጠያቂው። መንደርተኛው የሚሞት ሰው ለማየት እየተግተለተለ ይመጣል፤ የመጣው ሁሉ "ክርስቶስ ተነሥቷል!" ይላል። ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ደግሞ ጌታን እንደ መካድ ነው። እናም ምስኪኑ ነፍሱን አፍንጫው ድረስ ባመጣት ቁጥር "በእውነት ተነሥቷል" ለማለት መልሶ ይውጣታል።

ማክሰኞ ዕለት አናጢው ኤፍቲሚ የሬሳ ሣጥን ይዞ መጣ። ከፋሲካ አረቄ ገና ስላልወጣ የለካው በዓይኑ ነበር። ሣጥኑ አጠረ።

"ጉልበትህን እጠፍ" አለው።

"ጉልበቴን ያመኛል።"

"ከሞትክ በኋላ አያምህም።"

"ከሞትኩ በኋላ ማን ያጥፍልኛል?"

ሲጨቃጨቁ ሣጥኑን በረንዳ ላይ ተዉት። በማግስቱ የሳፍታ ዝይ ገብታ እንቁላል ጣለችበትና ታቀፈችው። የታቀፈች ዝይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወታደር አያስነሣትም። ኤፍቲሚ እጁን ሰደደ፣ ተነከሰ፤ ደግሞ ሰደደ፣ አፍንጫውን ተነከሰ። "ይቅርታ፣ ሣጥኑ ሰው ይዞታል" ብሎ ወደ አረቄው ተመለሰ።

ሐሙስ ዕለት ረኃቡ ጠናና ፓንቴሊሞን "እሰይ፣ መጣ!" አለ። ሞት መስሎት ነበር። ዛምፊራ ሥጋ በጥቅል ጎመን ቀቅላ አምጥታ አፍንጫው ሥር አስቀመጠችለት። "ለመንገድ ስንቅ ይሆነኛል" ብሎ ሳህኑን በዳቦ ጠራርጎ በላ። ዓርብ ዕለት ከሰኞውም ይልቅ ደህና ሆነ።

ቅዳሜ ነጋ። ፓንቴሊሞን ጨነቀው፤ የምሩን ጨነቀው። ዛምፊራን "ሩጪ! አባ ቪሳሪዮን በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ይድረሱልኝ" ብሎ ላካት። ቄሱ ወጣት ናቸው፤ ቅዳሴውን እንደጨረሱ በነጭ ልብሰ ተክህኗቸው እያለከለኩ ደረሱ።

"አባ" አለ ሽማግሌው።

"አቤት አባባ" አሉ ቄሱ። ማን የማን አባት እንደሆነ አንዳንዴ ይምታታቸው ነበር።

"በሩን እስከ ማታ አይዝጉብኝ። ወይ ገርበብ ያድርጉልኝ፤ እግሬን አሾልካለሁ።"

"አባባ፣ ሥርዓት ነው፤ መዝጋቴ አይቀርም። ይልቅ እንዲህ ያስፈራዎት ምንድን ነው? ይናዘዙ።"

ፓንቴሊሞን ተናዘዘ። በሚስቱ ሳቅ መቆጣቱን፣ ፊቱን ማጨፍገጉን፣ አንድ ቀን እንኳ አብሯት አለመሳቁን ተናገረ። "ጌታ እንደሳቀ አልተጻፈም ብዬ ነው" አለ።

"ጌታ እንዳነጠሰም አልተጻፈም" አሉ ቄሱ። "ሞት ጌታን ዋጥኩ ብሎ ሆዱ ተቀደደ፤ የገባበት ሲኦል ባዶውን ቀረ። ይህ ካላሳቀ ምን ያስቃል? ፋሲካ እኮ በሰይጣን ላይ የተሳቀ ሳቅ ነው፣ አባባ። ሌላስ?"

"እንቁላል አብሬያት አላጋጨሁም" አለ ፓንቴሊሞን። "እንቁላሏን ይዛ እየለመነችኝ... አንዴም አብሬያት አላጋጨሁም። ብገባም አላገኛትም፣ አባ።" እንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ።

ይህን ጊዜ ከበሩ ኋላ አንድ ነገር ፈነዳ። ዛምፊራ ናት፤ ኑዛዜ ስትሰማ ቆይታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

"ዛምፊራ!" አሉ ቄሱ ተቆጥተው። "ኑዛዜ ላይ?"

"ይፍቱኝ አባ፣ ይፍቱኝ! ሳፍታ አስምላኛለች፤ ግን ከዚህ ወዲያ አልችልም።" ወደ አልጋው መጣች። "አንተ ሰው! በየፋሲካው እኮ ታጋጭ ነበር!"

"እኔ?"

"አንተ! በመላጣህ! ምሳ በልተህ ወንበርህ ላይ አፍህን ከፍተህ ታንኮራፋለህ አይደል? ሳፍታ በእግር ጣቷ ትመጣለች። እኔ ከጓዳ አያለሁ። 'ክርስቶስ ተነሥቷል' ትልህና እንቁላሏን መላጣህ ላይ ቋ! ታደርገዋለች። ከዚያ ያንተን ድምፅ አስመስላ፣ አገጯን ወደ ውስጥ ስባ፣ 'በእውነት ተነሥቷል' ብላ ራሷ ትመልሳለች። ከዚያማ ጓዳ ገብተን አንዳችን በሌላችን ላይ እንወድቃለን!"

ፓንቴሊሞን ቀስ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ። እጁ ወደ ራሱ ሄደ።

"ቀዩ ነገር..." አለ።

"የቱ ቀይ ነገር?"

"በየፋሲካው መላጣዬ ላይ ቀይ ነገር ይወጣብኛል። ከተማ ሄጄ ሐኪም አየኝ። የበግ ሥጋ አልተስማማህም አለኝ። ቅባት ሰጠኝ። ከጋብቻዬ ጀምሮ በፋሲካ በግ በልቼ አላውቅም!"

"ቀለሙ ነዋ!" አለች ዛምፊራ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "ቅባቱንም እሷው ናት የምትቀባህ! እየሳቀች!"

አባ ቪሳሪዮን ከንፈራቸውን ነክሰው ጣሪያውን አዩ። ፓንቴሊሞን ግን ክንዳቸውን ያዘ። "አባ፣ ይቆጠራል?" አለ። በሕይወቱ እንዲህ አጥብቆ የጠየቀው ጥያቄ አልነበረም። "ተኝቼ ነው። የመለስኩትም እኔ አይደለሁም። ይቆጠራል?"

ቄሱ አሰቡ። "ሕፃን ሲጠመቅ፣ ሰይጣንን ክደሃል ወይ ሲባል ማን ነው የሚመልሰው?"

"ክርስትና አባቱ።"

"ሕፃኑስ?"

"ይተኛል።"

"ታዲያ ጥምቀቱ አይቆጠርለትም?"

"እንዴት አይቆጠርለትም!"

"እንግዲህ" አሉ ቄሱ፣ "ሚስትዎ መልሰውልዎታል። ለመሆኑ እንቁላሉ ይሰበር ነበር?"

"እንክትክት!" አለች ዛምፊራ ከወለሉ። "አንድም ዓመት የሱ ራስ ተሸንፎ አያውቅም!"

ከፓንቴሊሞን ጉሮሮ ቅባት ያጣ የጋሪ ጎማ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ደግሞ ወጣ። ዛምፊራ ደነገጠች። "ጣር ነው! ሻማ! ሻማ አስይዙት!" ብላ ለኩሳ እጁ ላይ አደረገችለት። ሽማግሌው ሻማውን እንደያዘ ተንቀጠቀጠ፣ ትከሻው ተርገበገበ፣ ሻማው በገዛ ትንፋሹ ጠፋ። እየሳቀ ነበር። አያውቅበትምና መጀመሪያ አነቀው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሲባጎው ተበጠሰ፣ ጥርሱ ታየ፣ ያላሰበው እንባ ከሳቁ ጋር ተቀላቀለ። ቄሱም ልብሰ ተክህኗቸውን እንደለበሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። የሞተ መስሎት ለልቅሶ የመጣው ኤፍቲሚ፣ ሦስቱን አይቶ "እኔ ነኝ የሰከርኩት ወይስ እነሱ?" ብሎ በሩ ላይ ቀረ።

"በሩ!" አሉ አባ ቪሳሪዮን ድንገት ዘለው። "በሩን ረሳሁት!"

"ይዝጉት አባ፣ ይዝጉት" አለ ፓንቴሊሞን ዓይኑን እየጠረገ። "እኔ አልቸኩልም። ዛምፊራ፣ በግ ተርፎሻል?"

በዚያ አገር ከፋሲካ ሳምንት ቀጥሎ ባለው ሰኞ ሕዝቡ እንቁላሉንና ዳቦውን ይዞ ወደ መቃብር ይወጣል፤ ለሙታንም ፋሲካቸውን ያደርሳል። እንቁላሉን መስቀሉ ላይ ያጋጩታል። ፓንቴሊሞንም ወጣ። የሳፍታ መቃብር ዘንድ ሲደርስ ቆቡን አወለቀ፤ በሚያመው ጉልበቱ ቀስ ብሎ ተንበረከከ፤ ቀዩን እንቁላል የድንጋዩ መስቀል ላይ በአውራ ጣቱ ደግፎ ያዘ።

"ክርስቶስ ተነሥቷል" አለ፤ መላጣውን ዘንበል አድርጎ እንቁላሉን ቋ! አደረገው።

ጠበቀ። ከድንጋዩ ሥር የሚመልስ አልነበረም። ፓንቴሊሞን ግራ ቀኙን አየ፤ ከዚያ ድምፁን አቀጥኖ፣ የሴት አስመስሎ፣ "በእውነት ተነሥቷል" አለ፤ ሳቁም እዚያው ያዘው፣ ድንጋዩን ተደግፎ ሳቀ። በየመቃብሩ የቆመው ሰው ዞሮ አየው።

እንቁላሉ ተሰብሮ ነበር። ግማሹን ለራሱ በላ፤ ግማሹን ሣሩ ላይ አስቀመጠላት። ወደ ቤቱ ሲወርድ መላጣው ላይ ቀይ ነጥብ ነበረበት፤ መንደሩን ከዳር እስከ ዳር ቆቡን በእጁ ይዞ አለፈ።