ጀፎረው ላይ የቆመው ክፍል

መምህርት ፀጋ ቡታጅራ ውስጥ ስድስት ዓመት የኖረችው በእትዬ ሰፍያ ግቢ ተከራይታ ነው። በእነዚያ ዓመታት እትዬ ሰፍያ ኪራይ የጨመሩት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን እሱንም ሦስት ወር ቀድመው አስታውቀው ነበር። አሁን ፀጋ ከከተማው ዳር፣ ወደ መስቃን ገጠር በሚወስደው መንገድ፣ የራሷን ቤት ልትገዛ ነው። እናቷ ደብረ ታቦር ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ልታመጣቸው አልቻለችም። ከሻጩ ጋር ውሉን ቅዳሜ ሊፈርሙ ተቀጣጥረዋል።

"እኔ ሳላየው አትፈርሚም" አሏት እትዬ ሰፍያ ሐሙስ ዕለት።

"ተከራይ እንዳያጡ ሰግተው ነው?"

"ተከራይ ሞልቷል። እንዳንቺ ባልዲ ተውሶ የማይመልስ ግን አላገኝም።"

በባጃጅ ሄዱ። ሻጩ አብዶ የተባለ የበርበሬ ነጋዴ ነው። የወለሉን ሴራሚክና አዲሱን የውሃ ታንከር አሳያቸው፤ እትዬ ሰፍያ ግን ብዙም ልብ አላሉት። በግራና በቀኝ እነማን እንደሚኖሩ ጠየቁት። የይዞታ ካርታውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ከበሩ ወጥተው ፊት ለፊት ባለው ሰፊ ሣር ላይ ቆሙና ወደ አጥሩ ዞሩ።

የጎረቤቶቹ አጥር በገመድ እንደተለካ በአንድ መስመር ቆሟል። የአብዶ ብቻ አምስት እርምጃ ያህል ወደ ሣሩ ወጥቷል። በዚያ አምስት እርምጃ ላይ ፀጋ ለእናቷ የመረጠችው፣ ለሽንት ቤቱም ለበሩም የሚቀርበው ክፍል ተሠርቷል።

"ይህ መቼ ተሠራ?"

"ዓምና ነው፣ እትዬ። ፊት ለፊቱ ባዶ ሜዳ ስለሆነ..."

"ባዶ? አባትህ ሲሞቱ ድንኳኑ የት ነበር የተተከለው?"

አብዶ አንገቱን አከከ። "እዚሁ።"

"እኔም የመንግሥት ሜዳ መስሎኝ ነበር" አለች ፀጋ።

"ጀፎረ ነው፣ ልጄ። ሰርጉም ለቅሶውም ከብቱም የሚያልፍበት የመንደሩ መንገድ። አባቶቻችን እንኳን ቤት፣ እንጨት አይተክሉበትም ነበር። ካርታው ላይ ይህ ክፍል የለም። የሠራው እሱ፣ የምትጠየቂው አንቺ!"

"ታዲያ ሰው እንዴት አይነግረኝም?"

ከጎረቤት አጥር በላይ የሽማግሌ ራስ ብቅ አለ። ጋሽ ሰማን ናቸው፤ ሁሉንም ሲሰሙ ቆይተዋል። "መቼ ጠየቅሽን? ሦስት ጊዜ መጣሽ፤ ሦስቴም ጣሪያ ጣሪያውን አይተሽ ሄድሽ። ሰላም እንኳ አላልሽንም!"

ፀጋ ደነገጠች፤ እውነታቸውን ነበር።

"እሺ፣ ቅናሽ አደርግላታለሁ" አለ አብዶ። "ክፍሉን እንዳለ ትውሰደው። እስካሁን ማን ነካኝ?"

ፀጋ ክፍሉን ደግማ አየችው። ያለ እሱ ቤቱ ጠባብ ነው፤ እናቷ ከእሷ ጋር ሳሎን ሊተኙ ነው። ግን እሷ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ነች። እናቷ በር ላይ ቢወድቁ የሚያነሳቸው ይህ ከአጥሩ ማዶ የቆመ ሽማግሌ እንጂ ክፍሉ አይደለም።

"ክፍሉ ይፍረስ፤ አጥሩም ቦታው ይመለስ" አለች። "ከዚያ እፈርማለሁ።"

"ዋጋውም ይቀንሳል እንጂ!" እትዬ ሰፍያ ጮኹባት። "ምን ነካሽ? የፈረሰ ክፍል ልትገዢ ነው?"

ጋሽ ሰማን ሳቁ። አብዶም ሳይወድ ሳቀ። "እትዬ ሰፍያን ይዛ የምትመጣ ገዢ አላህ አያምጣብኝ" አለ። ግን እሺ አለ።

የቅዳሜው ቀጠሮ ተላለፈ፤ በዚያ ፋንታ ክፍሉ ፈረሰ። ቆርቆሮውን የነቀለው ራሱ አብዶ ነበር። ጋሽ ሰማንና ሌሎች ጎረቤቶች፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ እንጨቱን ተሸክመው አጥሩን በድሮው መስመር አቆሙ። እትዬ ሰፍያ ካርታውን በእጃቸው ይዘው አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርምጃ ለኩት፤ አንዷን ቋሚም አስነቅለው መልሰው አስተከሉ። ጥሩ ተከራይ ለማጣት እንዲህ የደከመ አከራይ ፀጋ አይታ አታውቅም።

በሳምንቱ ውሉ ተፈረመ። ፀጋ ቁልፉን ይዛ ስትመጣ ቤቷን ሳትከፍት በፊት ወደ ጋሽ ሰማን በር ሄዳ አንኳኳች።

"እናትሽ መቼ ይመጣሉ?" አሏት።

"በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጋሼ።"

"ጾም ነው አይደል የእናንተ? ለቤት ሰዎች ልንገራቸው፤ ጎመኑን በቅቤ ሳይሆን በዘይት ይሥሩላቸው።"