ያልታጠበ ቅጠል

የዳገቱ ዘበኛ ጋሽ ፈየራ የወይራውን ቅጠል በምራቃቸው አርጥበው በአውራ ጣታቸው ወለወሉና ከሥርጉት አፍንጫ ሥር አስጠጉት።

"ይሄ ነው የሞተው?"

ቅጠሉ አረንጓዴ ነበር። ጣታቸው ላይ የቀረው ሲሚንቶና ጠጠር የጫኑ መኪኖች ቀኑን ሙሉ የሚያቦኑት አቧራ ነው።

ሥርጉት ከድሮን ፎቶ በሠራችው ካርታ ላይ ይህ ዛፍ ቀይ ነው፤ ከእሱ ጋር የዳገቱ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዛፎች። ኮምፒውተሩ የዛፍ ጤና የሚለየው በቅጠሉ ቀለም ነው፤ ግራጫውን ሁሉ "እየደረቀ ነው" ብሎ ቆጠረው። እሷም ከወንበሯ ሳትነሳ አመነችው። ዳገቱ ደግሞ ከገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከራሷ መስኮት ይታያል። ዛፎቹ ሰኞ ሊቆረጡ ነው።

"አንቺ ነሽ የፈረድሽባቸው?"

"ኮምፒውተሩ ነው፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ፊቱን ያልታጠበ ሰው ሁሉ ሬሳ ነው በያ! እኔንም ቀይ ቀቢኝ።" ቅርንጫፉን ቀንጥሰው ሰጧት። "እነዚህን ስተክል በሬ ነበረኝ፣ ልጄ። እርሻዬ ሲወሰድ እነሱን ጠብቅ ተባልኩ። ጠበቅኩ።"

ቃሊቲ ቢሮ ስትገባ ቅርንጫፉን እንደያዘች ነበር። ኃላፊዋ ሉቃስ ዛፎቹ ይቆረጡ የሚለውን ሪፖርት አትሞ ጠበቃት፤ የጎደለው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው።

"አቧራ ነው" አለች። "ዝናብ ይጠባቸውና እንደገና ፎቶ እናንሳ። አንድ ሳምንት ስጠኝ።"

"ሥርጌ፣ ካርታው ያንቺ ነው፤ ቆንጆ ሥራ ነው። ቦታው ለመጋዘን ተፈልጓል፤ አሁን ነገር አታብዢ።"

"ዛፎቹ ጤነኞች ናቸው።"

"ማን አለ?"

"ጋሽ ፈየራ።"

"ዘበኛው?" ሳቀ። "የእሱ ዲግሪ ከየት ነው?"

ሥርጉት ጆሮዋ ድረስ ነደደች። እሷና ሉቃስ የተማሩት ከአንድ መምህር ነው፤ መሬት ወርደው ያላረጋገጡት ምስል እንደማይታመን እሱም አሳምሮ ያውቃል። ጮኻ አታውቅም፤ አሁንም አልጮኸችም።

"ፈርሚና ምሳ እንሂድ፣ በናትሽ።"

እስክሪብቶውን ተቀበለች። አንድ ቅጠል ቀንጥሳ ፊርማው ቦታ ላይ አሸችው፤ ነጩ ወረቀት ግራጫ ሆነ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"መሬት እያሳየሁህ።"

ከግራጫው ሥር "ይህ አቧራ ነው፤ ካርታዬ ተሳስቷል፤ አይቆረጡም" ብላ ጻፈችና ፈረመች። ልትነሳ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች፤ በታችኛው ጠርዝ፣ በጥንቃቄ፣ አንድ መስመር ጨመረች፦

"ግልባጭ፦ ለአቶ ፈየራ፣ ለጥበቃ።"